የስፖርት መጽሐፍን በፒዲኤፍ ከደብረ ብርሃን መሸጥ፦ ደረጃ በደረጃ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት አሠልጣኝ ሻይ እየጠጣን ስልኩን አውጥቶ አቀበለኝ። ራሱ ያዘጋጀው የስፖርት መጽሐፍ ነው። ፒዲኤፍ፣ 94 ገጽ። አምስት ወር ለፍቶበታል። «ጋሼ፣ እስካሁን የተሸጠው አራት ብቻ ነው። ሁለቱን የገዙት ዘመዶቼ ናቸው። ሰው ማንበብ አይወድም መሰለኝ» አለኝ።

ሰውማ ያነባል። ሽፋኑን አየሁት። ጡንቻው የተወጠረ የውጭ አገር ሰው ፎቶ አለበት። ርዕሱ «የተሟላ የአካል ብቃት መመሪያ» ይላል። ወደ ውስጥ ገባሁ። ቁርስ ላይ አጃ በአልሞንድ ወተት ብሉ ይላል። እኛ የተቀመጥነው ደብረ ብርሃን ነው፤ ከሻይ ቤቱ ደጃፍ አንዲት እናት የገብስ ቆሎ ይሸጣሉ።

ልጁ ሙያውን ያውቃል፤ ሲያሠለጥን አይቼዋለሁ። ችግሩ ሲጽፍ የሚገዛውን ሰው አላሰበውም። ያን ቀን የነገርኩትን፣ እኔም ሁለት ፒዲኤፎች ስሸጥ ያየሁትን፣ እዚህ በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። ሌላውም አሠልጣኝ ይጠቀምበት።

1. ለማን እንደምትጽፉ ወስኑ

«ለሁሉም» የተባለን መጽሐፍ ማንም የእኔ ነው አይልም። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሰው ምረጡ። በፊት በር ገብቶ «ይቺ ለእኔ ናት» የሚል ሰው።

እኛ አካባቢ ዙሪያችሁን ብታዩ ሞልቷል። ፋብሪካ ውስጥ ስምንት ሰዓት ቆማ የምትውል ልጅ አለች። ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ላይ ተቀምጦ ወገቡ የደረቀ አሽከርካሪ አለ። ከወለደች ስድስት ወር የሆናት እናት አለች። ለጥር ሠርጓ ሦስት ወር የቀራት ሙሽራ አለች። ጡረታ የወጡ፣ ሐኪም «በእግርዎ ይንቀሳቀሱ» ያላቸው መምህር አሉ። እያንዳንዳቸው የተለየ መጽሐፍ ነው የሚፈልጉት።

ከመረጣችሁ በኋላ ከእንደዚያ ዓይነት አሥር ሰዎች ጋር ተነጋገሩ። ቡና እየጠጣችሁ ይሁን፣ መንገድ ላይም ይሁን። ስለ መጽሐፋችሁ አታውሩ። «ሰውነትህ ላይ ምን ያስቸግርሃል? ስፖርት ጀምረህ ለምን ተውከው?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። የሚሉትን በራሳቸው ቃል ጻፉት። እኔ ደብተሬ ላይ ከጻፍኳቸው ውስጥ እነዚህ አሉ፦ «ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል»፣ «ማታ እግሬ ያብጣል»፣ «ጂም ለመሄድ አፍራለሁ»፣ «ቤቴ ጠባብ ነው፣ የት ልዝለል?»።

እነዚህ ዓረፍተ ነገሮች ወርቅ ናቸው። የመጽሐፉ ምዕራፎች የሚወጡት ከእነሱ ነው። ርዕሱም፣ ማስታወቂያውም እንዲሁ። ለምሳሌ «ቆመው ለሚውሉ ሰዎች፦ የእግርና የወገብ እንቅስቃሴ በ20 ደቂቃ» የሚል ርዕስ አንዷን የፋብሪካ ሠራተኛ ያስቆማታል። ጓደኞቿም ያው ቆመው የሚውሉ ስለሆኑ ለእነሱም ትልካለች።

2. ውስጡ የአገራችሁ ይሁን

እዚህ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ ሥሩ። ገዢው የሚያምናችሁ ወይም የሚተዋችሁ እዚህ ጋ ነው።

አንደኛ ከፍታውን አስቡ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ከሩብ በላይ ይቀንሳል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ጣርማበርን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ብትደርሱ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ነው፤ ሙቀቱም ሌላ ነው። ከቆላ መጥቶ ደብረ ብርሃን ሥራ የያዘ ሰው የመጀመሪያ ቀን ሊሮጥ ተነሥቶ ደረቱን ይዞ ይቆማል። «ስፖርት ለእኔ አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። መጽሐፋችሁ «የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በእግር ፈጠን ብላችሁ ሂዱ፤ እየሄዳችሁ ማውራት ካቃታችሁ ቀንሱ» ቢለው ኖሮ ያ ሰው አይተውም ነበር። ለሸዋ ሮቢት አንባቢ ደግሞ ዋናው ነገር ሰዓቱና ውሃው ነው። ፀሐይ ሳትበረታ ማልዶ ወይም አመሻሽ ላይ እንዲሠራ ጻፉለት።

ሁለተኛ ብርዱ። ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። በዚህ ሰዓት «ተነሡና ሩጡ» የሚል ምክር ማንም አይሰማውም። ቤት ውስጥ፣ በሁለት ሜትር ቦታ፣ ያለ መሣሪያ የሚሠራ ነገር ስጧቸው። ሰውነት ማሟሟቂያው አሥር ደቂቃ ይሁን። ላብ ከመጣ በኋላ እርጥብ ልብስ ለብሰው ውጭ እንዳይቆሙም ንገሯቸው። ፎቶዎቹን እኔ ያነሣሁት በራሴ ሳሎን ነው። የስፖርት ምንጣፍ አልነበረኝም፤ የመንዝ ባና አጥፌ ወለሉ ላይ አነጠፍኩ። በሩን ከፍቼ የጠዋት ብርሃን እንዲገባ አደረግሁ። ከስቱዲዮ ፎቶ ይልቅ ያ ባና ብዙ ሰው አስጠይቋል። «እኛም ቤት አለ» ይሉኛል። ሰው የራሱን ቤት ሲያይ ይጀምራል።

ሦስተኛ ምግቡ። የመጀመሪያው ፒዲኤፌ ላይ እኔም አጃና የፕሮቲን ዱቄት ጽፌ ነበር። አንዲት ገዢ ከሸዋ ሮቢት ደወለችልኝ። ድምፅዋ ትሕትና የተሞላ ነበር። «ወንድሜ፣ መጽሐፉን ወድጄዋለሁ። ግን እዚህ የጻፍከው ምግብ የለኝም። እኔ ቤት ማሾ ነው ያለው። ማሾ ይሆናል?» አለችኝ። ፊቴ ቀላ። ማሾ እኮ የእኛው ቆላ የሚያመርተው ነው። መቶ ግራም ደረቅ ማሾ ወደ 24 ግራም ፕሮቲን አለው። የባቄላም ፕሮቲን ወደዚያው ይጠጋል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ነው። በዚያው ሳምንት የምግቡን ምዕራፍ እንዳለ አፍርሼ በባቄላ፣ በማሾ፣ በምስር፣ በሽሮ፣ በበሶና በገብስ ቆሎ ጻፍኩት።

ጾሙንም አትርሱ። ረቡዕና ዓርብ አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። የምግብ ዕቅዳችሁ ከእንቁላልና ከዶሮ ውጭ የማያውቅ ከሆነ አብዛኛው አንባቢ ዓመቱን ግማሽ አይጠቀምበትም። ሁለት ዕቅድ አዘጋጁ፤ አንዱ የጾም፣ ሌላው የፍስክ። እስከ ከሰዓት ምንም ለማይቀምስ ሰው እንቅስቃሴውን ከምግብ በኋላ ወደ ማታ አዙሩለት። እስላም አንባቢዎችም ብዙ አሉን፤ ለረመዳን አንድ ገጽ ጨምሩ።

ስለ መጠኑ ከዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ተነሡ። በ2020 ያወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። ትንሹ፣ 150ው ደቂቃ፣ በቀን 30 ደቂቃ በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው። ይህን ለአንባቢ ቁልጭ አድርጎ ማስላት ብቻ ብዙ ይጠቅመዋል።

የመጀመሪያው ገጽ ደግሞ የጥንቃቄ ገጽ ይሁን። የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት፣ የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ሲንቀሳቀሱ ደረታቸውን የሚያማቸው ወይም የሚያዞራቸው ሰዎች ከመጀመራቸው በፊት ሐኪም ይጠይቁ። ይህን በትንሽ ፊደል መጨረሻ ላይ አትደብቁት። «በ7 ቀን ቦርጭ ደህና ሰንብት» የሚል ተስፋም በፍጹም አትስጡ። ውሸት ነው፤ የሰው ጤና ነው የያዝነው። ያመናችሁ ሰው በስምንተኛው ቀን ራሱን ይወቅሳል እንጂ እናንተን አይደለም፤ እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

3. ፋይሉን ለስልክ አዘጋጁት

ገዢያችሁ የሚያነበው በስልክ ነው። ኤ4 ገጽ ስልክ ላይ ጉንዳን ያህላል። ኤ5 ወይም ከዚያ ያነሰ ገጽ ተጠቀሙ። ፊደሉ 14 ይሁን። አንድ እንቅስቃሴ፣ አንድ ፎቶ፣ አንድ ገጽ።

የአማርኛ ፊደል ላይ ተጠንቀቁ። በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝ ፊደሎች የተጻፈ ሰነድ ሌላ ስልክ ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ቃል መፈለግም አይቻልም። በዩኒኮድ ጻፉ፤ በየስልኩ የሚነበበው የፊደል አሠራር ነው። ኖቶ ወይም ኒያላ የተባለው ፊደል ይበቃል። ፒዲኤፍ ስታደርጉት ፊደሉ ፋይሉ ውስጥ አብሮ እንዲገባ ምረጡ።

የፎቶዎቹን መጠን ቀንሱ። እኔ ከ10 ሜጋባይት በላይ እንዳይሆን እጠነቀቃለሁ፤ ዳታ ገንዘብ ነው። ከዚያ በሦስት ስልኮች ሞክሩት። አንዱ ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ አሮጌ ስልክ ይሁን። እዚያ ላይ ከተነበበ የትም ይነበባል።

አማዞን ላይ እንሽጥ የሚሉኝ አሉ። ለአማርኛ መጽሐፍ እኔ አልመክርም። ገዢዎቻችሁ ያሉት ቴሌግራም ላይ ነው፤ የሚከፍሉትም በቴሌብር ነው።

4. ዋጋ

ደብረ ብርሃን ውስጥ የአንድ ወር ጂም ስንት እንደሆነ ጠይቁ። መጽሐፋችሁ ከዚያ በግልጽ ያነሰ ይሁን። በጣም አርክሳችሁ ደግሞ አትስጡት፤ በነፃ የመጣ ፒዲኤፍ ስልክ ውስጥ ተረስቶ ይቀራል። ዋጋውን ሁልጊዜ በግልጽ ጻፉ። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለው ሰውን ያሸሻል። እኔ ራሴ እንደዚያ የተጻፈ ነገር አልጠይቅም።

ለመጀመሪያዎቹ ሃያ ገዢዎች በግማሽ ዋጋ መስጠት ጥሩ ነው። በምላሹ ከአራት ሳምንት በኋላ የተሰማቸውን በሐቀኝነት እንዲጽፉላችሁ ጠይቋቸው። አልሠራልኝም ያለውንም ተቀበሉ።

5. ክፍያ መቀበያ

ቴሌብር ከግንቦት 2013 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው፤ አሁን የማይጠቀም ሰው ማግኘት ይከብዳል። የንግድ ባንክ ሒሳብም ጨምሩ። ሁለቱ በቂ ናቸው። ስምንት ባንክ መደርደር ገዢውን ያደናግረዋል። ዲያስፖራ ያለ ሰው ሲጠይቃችሁ ቀላሉ መንገድ እዚህ ያለ ዘመዱ እንዲከፍልለት ማድረግ ነው። ወንድሙ ይከፍላል፤ ፒዲኤፉ ለእሱ ይላካል።

አሁን የምነግራችሁን በደንብ ያዙ። ስክሪንሾት አትመኑ። አንድ ማታ 3 ሰዓት ላይ ሰው «ከፍያለሁ» ብሎ የባንክ ደረሰኝ ምስል ላከልኝ። ስሜ አለ፣ መጠኑ ትክክል ነው፣ የኤፍቲ (የክፍያ መለያ) ቁጥርም አለው። ደስ ብሎኝ ፒዲኤፉን ላክሁ። ጠዋት ሒሳቤን ስከፍት ምንም የለም። ምስሉ ተሠርቶ ነው። ከዚያ ወዲህ ልማዴ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የራሴን የባንክ መተግበሪያ እከፍታለሁ፣ ብሩ መግባቱን አያለሁ፣ ከዚያ እልካለሁ። ቴሌብር ከሆነ ከ127 የመጣውን መልእክት አያለሁ፤ እሱንም ከመተግበሪያው ጋር አመሳክራለሁ። ገዢው ቢቸኩልም «እሺ እህቴ፣ ሁለት ደቂቃ» ማለት ይበቃል። እውነተኛ ገዢ አይቀየምም።

ሽያጩ መደበኛ ገቢ እየሆነ ሲሄድ ወደ ከተማችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤትና ገቢዎች ሄዳችሁ ፈቃዱንና ግብሩን ጠይቁ። በኋላ ከሚመጣ ቅጣት አሁን መጠየቅ ይሻላል። የገቡትን ክፍያዎች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በደብተር መዝግቡ።

6. ቴሌግራም ቻናሉ

ቻናል ከፍታችሁ የመጀመሪያው ቀን «መጽሐፌ ወጣ፣ ግዙ» አትበሉ። ለአራት ሳምንት ብቻ ስጡ። በሳምንት ሦስት ጊዜ ይበቃል። አንዱ ከ30 እስከ 40 ሰከንድ የሚሆን ቪዲዮ፣ አንዱ የሰዎች ጥያቄና መልስ፣ አንዱ ምግብ ላይ። ቪዲዮውን ቲክቶክ ላይም ጫኑት፤ አዲስ ሰው የሚመጣው ከዚያ ነው። ቴሌግራሙ ደግሞ የመጣውን ሰው ማቆያ ነው።

ምን እንደምትለጥፉ ከጨነቃችሁ ደረጃ አንድ ላይ የጻፋችሁትን ደብተር ክፈቱ። «ማታ እግሬ ያብጣል» ያለችውን አስታውሱ። ቪዲዮውን እንዲህ ጀምሩት፦ «ቆማችሁ ስትውሉ ማታ እግራችሁ ያብጣል? ግድግዳውን ተጠግታችሁ ተኙና እግራችሁን ወደ ላይ ሽቅብ ዘርጉ»። አሳዩ። ቁርጭምጭሚቱን እንዴት እንደሚያዞሩ፣ ስንት ጊዜ፣ እግራቸውን መቼ እንደሚያወርዱ በእጃችሁ እየጠቆማችሁ። በመጨረሻ «አንዱ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ ሐኪም ቤት ሂዱ» በሉ። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ፦ «ሙሉው የ20 ደቂቃ ሥራ በመጽሐፉ አለ፤ ዋጋው ከታች ተጽፏል»። ይበቃል።

ሰዓቱን እኔ ማታ ከ2 እስከ 3 አደርገዋለሁ። ሰው ከሥራ ገብቶ፣ እራት በልቶ ስልኩን የሚያነሣበት ሰዓት ነው። እናንተ የራሳችሁን ተከታዮች እያያችሁ አስተካክሉ።

መጽሐፉን የምታወጡበትን ጊዜም ምረጡ። እኔ በደንብ የሸጥኩት መስከረም ላይ ነው፤ በአዲስ ዓመት ሰው ሁሉ አዲስ ነገር ሊጀምር ያስባል። ለሙሽሮች የተጻፈ ከሆነ ጥቅምት ላይ አውጡት፤ ለጥር ሠርግ ጊዜ ይኖራቸዋል። ከፋሲካ በኋላም ጥሩ ነው። በሕማማት ሳምንት ግን ዝም በሉ።

የሰው የ«በፊትና በኋላ» ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። በጽሑፍ ይሁን፤ በቴሌግራም «እሺ» ብሎ የጻፈውም ይሆናል። ፊታቸውን መሸፈን ከፈለጉ ሸፍኑ። ከተማችን ትንሽ ናት፤ ሁሉም ሰው ይተዋወቃል። አንድ ሰው ያፈረ እንደሆነ ሌሎቹም ይርቃሉ። የማታውቁትን ሰው ፎቶ ከኢንተርኔት አውርዶ «ደንበኛዬ ነው» ማለት ደግሞ ፈጽሞ አይደረግም።

7. ከስክሪኑ ውጡ

ብዙዎች ይህን ይዘሉታል። እኔ ግን የመጀመሪያዎቹን ገዢዎቼን ያገኘሁት በአካል ነው። እሑድ ጠዋት አንድ ሜዳ ላይ በነፃ የ40 ደቂቃ ስፖርት አሠራ ነበር። መጀመሪያ ቀን አምስት ሰው መጣ። ማስታወቂያ አልተናገርኩም። ስንጨርስ አንዷ «ይህን ቤቴ ስሆን እንዴት ላስታውሰው?» አለች። የዚያን ጊዜ ነው ስልኬን ያወጣሁት።

ሱቅ፣ የወንዶች ፀጉር ቤት፣ የሴቶች የውበት ሳሎን፣ ፋርማሲ፣ የፋብሪካ መዝናኛ ክበብ ጋ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ የኪውአር ኮድ ያለው ትንሽ ወረቀት ለጥፉ። ኮዱ በቀጥታ ወደ ቻናሉ ይውሰድ። ከኮዱ ሥር የስልክ ቁጥርም ይኑር፤ ኮድ ስካን ማድረግ የማይለምዱ ታላላቆች አሉ። እነሱ ይደውላሉ፣ «ልጄ፣ እንዴት ነው የሚገኘው?» ይላሉ። በትዕግሥት አስረዷቸው። ልጃቸው ነው የሚያወርድላቸው።

8. ፒዲኤፉ ቢሰረቅስ?

ይሰረቃል። የመጀመሪያው መጽሐፌ በሁለተኛው ወር አንድ ትልቅ የመጻሕፍት ግሩፕ ላይ በነፃ ተለጥፎ አገኘሁት። ሌሊቱን አልተኛሁም። ከዚያ ወዲህ የማደርገው ይህ ነው።

ለእያንዳንዱ ገዢ ስሙንና የስልኩን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች በየገጹ ግርጌ በቀጭኑ አስገባለሁ። ስሙ ያለበትን ፋይል ሰው በቀላሉ አይበትንም። ቴሌግራም ላይ ቻናልና ግሩፕ ውስጥ ማስተላለፍንና ማስቀመጥን የሚከለክል ማስተካከያ አለ፤ ለገዢዎች ብቻ በከፈትኩት ግሩፕ እጠቀምበታለሁ። ስክሪንሾትን ግን ሙሉ በሙሉ ማቆም አይቻልም።

በሕግም መብት አላችሁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራችሁን ከፈጠራችሁበት ጊዜ ጀምሮ ይጠብቀዋል፤ መመዝገብ ግዴታ አይደለም። መብቱ በሕይወት ዘመናችሁና ከዚያ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። የግሩፑን አስተዳዳሪ በትሕትና ጻፉለት። እኔ «ወንድሜ፣ ይህ የእኔ ሥራ ነው፤ ልጆቼን የማበላበት ነው። እባክህ አንሣልኝ» ብዬ ጻፍኩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አነሣው፤ ይቅርታም ጠየቀኝ። ሁልጊዜ እንዲህ አይሆንም፤ ከማስፈራራት ግን ይሻላል።

ሌባው የማይሰርቀው ነገርም አለ፤ ለገዢዎች ጥያቄ የምትሰጡት መልስ ነው። ያ የገዢዎች ግሩፕ ማንም ሊገለብጠው አይችልም። ስለዚህ መጽሐፉን ከግሩፑ ጋር አብራችሁ ሽጡ።

9. ከሸጣችሁ በኋላ

ፋይሉን ልካችሁ አትጥፉ። በሦስተኛው ቀን «ጀመርሽ?» ብላችሁ ጻፉ። በአሥራ አራተኛው ቀን «ጉልበትህ እንዴት ነው?» በሉ። ጥያቄ ሲመጣ በዚያው ቀን መልሱ። የማታውቁት የሕመም ጥያቄ ከሆነ ወደ ሐኪም ላኩ፤ አሠልጣኝ ሐኪም አይደለም። ተመሳሳይ ጥያቄ አምስት ጊዜ ከመጣ መጽሐፉ ላይ ክፍተት አለ ማለት ነው። አስተካክላችሁ አዲሱን ቅጂ ለድሮ ገዢዎች በነፃ ላኩ። ያቺ የማሾዋ እህቴ አዲሱ ሲደርሳት «የእኔ ጥያቄ ገባ እንዴ!» ብላ ደስ ብሏት ጻፈችልኝ። በዚያ ሳምንት ከሸዋ ሮቢት ብቻ ስምንት ሰው በእሷ በኩል ገዛ።

አልጠቀመኝም፣ ብሬን መልሱልኝ የሚል ሰው ከመጣ በመጀመሪያ ምን እንዳልሆነለት ጠይቁት። ብዙ ጊዜ ሰውየው የፈለገው ሌላ መጽሐፍ ነው። ልትረዱት ካልቻላችሁ ብሩን በዚያው ቀን መልሱለት። እኔ እስካሁን ለሦስት ሰው መልሻለሁ። አንዱ በኋላ ላይ እህቱን ልኳል።

ያ ወጣት ትናንት ደወለልኝ። 94 ገጹን ወደ 40 አውርዶታል። ሽፋኑ ላይ የራሱ ፎቶ አለ፤ በእናቱ ሳሎን፣ ካልሲ አድርጎ፣ ስኳት (ቁጢጥ ብድግ) ሲሠራ። ርዕሱ «ለባጃጅ አሽከርካሪዎች፦ የወገብ እንቅስቃሴ በ15 ደቂቃ» ነው። ነገ ጠዋት ወደ ባጃጅ ተራው ሄዶ አሥር ሾፌሮች ሊያናግር ደብተር ገዝቷል።